ስለ በርበሬና ስለ ሌሎች የወጥ ቅመሞች አያያዝ

የወጥ ማጣፈጥን ሙያ ለሀገራችን እናቶች እናስተምር ብንል ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። ስለዚህ እዚህ የምንናገረው ስለ ጣዕሙ ሳይሆን፥ ቅመሙ ድስት እስኪገባ ድረስ ስለሚደርስበት ነገር ነው።

አስቀድሞ በርበሬን እንመልከት። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ አቧራና የዶሮ ኩስ ያገኘዋል፤ ይልቁንም እርጥበት ከታች እየሳበ ይሻግታል። ከሻጋታው ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያወጣ አለ። ይህ መርዝ በዓይን አይታይም፥ በምላስም አይታወቅም፤ ለብዙ ዘመን ሲበላ ግን ጉበትን ይጎዳል፥ የጉበት ነቀርሳም ያመጣል። «እሳት ያየ ነገር ምን ይሆናል?» ማለት አያዋጣም። የወጥ እሳት ሻጋታውን ይገድለዋል እንጂ መርዙን አያጠፋውም።

እንግዲህ በርበሬው በሰሌን ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ፥ ቢቻል ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይሰጣ፤ ማታም ጤዛ እንዳያገኘው ወደ ቤት ይግባ። ዛላው ደርቋል የሚባለው ሲጨብጡት ተንኮሻኩሾ የተሰበረ እንደሆነ ነው፤ ከተጣጠፈ ገና ነው። ሲቀነጠስም እየተከፈተ ይታይ፤ ከላይ ቀይ ሆኖ ሆዱ የሻገተ አይጠፋምና። እንዲህ ያለውን መጣል ነው። ገንዘብ የወጣበት ነገር ሲጣል እንደሚያሳዝን እናውቃለን፤ ነገር ግን አንድ እፍኝ የሻገተ በርበሬ አብሮ ከተወቀጠ ቁናውን ሁሉ ያበላሻል።

ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር የተደለዘ በርበሬ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርጥቡ ቅመም ለደረቁ በርበሬ ውሃውን ይሰጠዋልና፥ ድልዙ በስሱ ተበትኖ እንደገና ደኅና አድርጎ ሳይደርቅ ወደ ወፍጮ አይሂድ። ከወፍጮ ሲመጣ ደግሞ ትኩስ ነው፤ ወዲያው ቢከድኑት እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለስበታል። አብርዶ፥ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። የተፈጨውን ከገበያ ከመግዛት ግን ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል፤ በዱቄቱ ላይ ቀይ አፈር ወይም የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉ።

አንዳንድ ሰዎች ሚጥሚጣ ኮሶን ይገድላል ይላሉ። አይገድልም! በሥጋ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል እጭ በምድጃችን የሚሞተው ሥጋው እስከ ውስጡ ሲበስል ነው፤ ሚጥሚጣው የሚያቃጥለው የበላተኛውን አፍ ብቻ ነው። የከረመን ወጥ በኮረሪማ ማደስም እንዲሁ ነው፤ ሽታው ይሸፈናል፥ ተሐዋስያኑ ግን እዚያው ናቸው።

ጤና አዳምና በሶብላ በጥሬያቸው የሚገቡ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳም አፍልታ ከመጠጣት ትጠንቀቅ፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ የጀመረ ሕፃን በርበሬ አያስፈልገውም። ለእርሱ የሚሆነውን ክክ ተቀቅሎ ወደ ቁሌቱ ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ዕቃ ቀንሶ ማስቀረት፥ አድቅቆም ጥቂት ቅቤ ጨምሮ ማብላት ነው።