በኩርሙክ ጠረፍ ጫትና ቱምባክ በአፍ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት

ኩርሙክ ከአሶሳ በስተ ሰሜን በሱዳን ወሰን ላይ ያለች የጠረፍ ከተማ ናት። ከወሰኑ ማዶም በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ኩርሙክ አለች። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው የወሰን ውል የበርታን አገር ለሁለት ከፈለው እንጂ የሕዝቡን ቋንቋ፥ ሃይማኖትና ዝምድና አልከፈለም፤ የሱዳን ዐረብኛም ከወሰኑ ወዲህ በገበያ ይነገራል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሕዝብን ልማድ በመንግሥት ወሰን ለይቶ መመልከት ያስቸግራል። ከኩርሙክ በስተ ኋላ ጫት የሚያበቅለው የኢትዮጵያ ደጋ አለ፤ በፊቷም ቱምባክ የተባለው በአፍ የሚያዝ ትምባሆ እጅግ የተለመደበት የሱዳን አገር አለ። ሁለቱም ያነቃቃሉ፤ ሁለቱም ሱስ ያስይዛሉ፤ ሁለቱም በአፍ ውስጥ ተይዘው ይቆያሉ። በአፍ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን በዓይነትም በክብደትም የተለያየ ነው።

ጫት በኢትዮጵያ የቆየ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፤ ጠላታቸው የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት ሊተክልባት እንደ ፎከረ ያወሳል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ ተለይቶ የታወቀውም እ. ኤ. አ. በ1975 ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ በጥቂት ቀን ውስጥ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ መጣደፉ፥ ቃሚውም ለጋውንና ትኩሱን መምረጡ ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ቅጠሉ ራሱ ጥርስን የሚበላ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጥርስን የሚጠብቀው ምራቅ ነው። ምራቅ በአፍ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ ያበርዳል፤ ከጥርሱ ልባስ የሟሟውንም ካልሲየምና ፎስፌት መልሶ ይተካል። የአሲዱ መለኪያ ከ5.5 በታች ሲወርድ ልባሱ መሟሟት ይጀምራል። አነቃቂ ዕፅ ሰውነትን እንደ ድንጋጤ ስለሚያዘጋጀው አፍ ይደርቃል፤ የደረቀው አፍም መጠጥ ይፈልጋል። በአገራችን የጫት ምሬት በስኳር፥ ብዙ ስኳር በገባበት ሻይና በለስላሳ መጠጥ ይሰበራል። የአፍ ጀርሞች ያን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ምርቃናውም ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ጥርሱ ፋታ አያገኝም። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ቃሚ ጥርሱን ሲነክስና ሲያፋጭ ያድራል። ይሁን እንጂ ማኘክ ራሱ ምራቅ የሚያመነጭ ስለ ሆነ፥ ጫት ስለሚያመጣው የጥርስ መበስበስ የተደረጉት ጥናቶች በአንድ ቃል አልተስማሙም። ይበልጥ ግልጽ ሆኖ የሚታየው የጥርሱ መበለዝና በሚቃምበት ጉንጭ በኩል ያለው የድድ መሸሽ ነው። በዚያው በኩል የጉንጩ ውስጥ ቆዳ ይነጣል፤ ይወፍራልም።

አነቃቂ ዕፅ ሲበረታ የሚያደርሰውን ለማየት ወደ ሌላ አገር መመልከት ይጠቅማል። ሜታምፌታሚን በባሕርዩ የካቲኖን የቅርብ ዘመድ ነው፤ በኃይሉ ግን ከጫት እጅግ ይበልጣል። እ. ኤ. አ. በ2015 በወጣ ጥናት በሎስ አንጀለስ ከተመረመሩት 571 ተጠቃሚዎች መካከል ከመቶ 96ቱ በጥርስ መበላት የተጠቁ፥ ከመቶ 31ዱ ስድስትና ከዚያ በላይ ጥርስ የጎደላቸው ሆነው ተገኙ። በዚያም ቢሆን መንገዱ ይኸው ነው፤ የአፍ መድረቅ፥ ጣፋጭ መጠጥ፥ ጥርስ ማፋጨትና ራስን መጣል።

ቱምባክ ግን በሌላ መንገድ ይሠራል። ቅጠሉ ኒኮቲን የበዛበት የትምባሆ ዓይነት ነው፤ ደርቆና ብሎ ይፈጫል፥ ከዚያም ዐረቦች አጥሮን ከሚሉት አመድማ ጨው ጋራ ይለወሳል። አጥሮኑ ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩል ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ተጠቃሚው ለውሱን በጣቱ አድቦልብሎ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ከንፈርና በድድ መካከል ያኖረዋል፤ ይህም ሳፋ ይባላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተፍቶ አፉን ይጉመጠመጣል፤ በቀንም ደጋግሞ ይይዛል። በብስለቱ ጊዜ ናይትሮዛሚን የተባሉ ካንሰር አምጪ ነገሮች ይበዛሉ፤ በቱምባክ የተገኘው መጠንም በዓለም ላይ በትምባሆ ከተለኩት እጅግ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። በሱዳን የአፍ ካንሰር ከቱምባክ ጋራ መያያዙን ሐኪሞች አረጋግጠዋል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ. ኤ. አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ የማይጨስ ትምባሆ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል።

በጠረፉ የሚኖረው እስላም ሲዋክ የሚባለውን መፋቂያ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በተለመደበት አገር ሁሉ እንዲሠራበት ደግፎታል። በመፋቂያ የሚጸዳ ጥርስ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም አፉ ደኅና መሆኑን ያምናል። ሳፋው በሚቀመጥበት ስፍራ የሚወጣው የተሸበሸበ ነጭ ቆዳ ግን ከከንፈር በስተ ውስጥ የተሸሸገ ነው፤ ሲጀምርም አያምም። የጥርስ ሕመም ሰውን ወደ ሐኪም ሲያስሮጠው ይህ ግን ዝም ብሎ ይቆያል። ስለዚህ ቱምባክ የሚይዝ ሰው ሲመረመር ሐኪሙ ጥርሱን ቈጥሮ አይተውም፤ ከንፈሩን ገልብጦ ሳፋው የሚያርፍበትን ስፍራ ይመለከታል፤ በሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ወይም የጠጠረ ነገር ያገኘ እንደ ሆነም ከዚያ ጥቂት ሥጋ ወስዶ ያስመረምራል።