ከእንጦጦ ማርያም ግርጌ፦ የውጭ በጎ ፈቃደኞች፣ ሕፃናትና እናቶቻቸው



የዛሬው ንግግሬ በክርስቲያናዊ ተልእኮ ስም ከባሕር ማዶ ለአጭር ጊዜ መጥተው ችግረኛ ሕፃናትን የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችን ይመለከታል። ጉዳዩ ሰፊ ነው፤ በጠቅላላው ብናገር ግን ብዙ ብዬ ጥቂት እንዳልናገር እሰጋለሁ። ስለዚህ ከከተማችን ራስጌ ባለ አንድ ቦታ ቆሜ ልመለከተው መርጫለሁ። ቦታውም እንጦጦ ማርያም ነው።

ደብሩን አብዛኞቻችን የምናውቀው በታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያ ነው። ሌላም እንጦጦ አለ፤ እርሱም የጠበሉ እንጦጦ ነው። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታባቸው ዓመታት ሕሙማን ከየአቅጣጫው ወደዚህ ተራራ ወጡ። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጠባብ ክፍሎች እየተከራዩ፣ ማለዳ በብርድ እየተጠመቁ፣ ወራትንና ዓመታትን ተቀመጡ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ እናቶች ነበሩ፤ ልጆቻቸውንም ይዘው ነበር። ጉልበት የተረፋት ከባሕር ዛፉ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ለቅማ፣ ሸክሙን በጀርባዋ አዝላ ወደ ሽሮ ሜዳ ወይም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ትወርዳለች። ያልተረፋት በምጽዋት ትኖራለች።

የዚህ ሰፈር ወሬ ባሕር ተሻገረ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የተውጣጡ ቡድኖች ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት መምጣት ጀመሩ። ከልጆች ጋር ይጫወታሉ፣ መዝሙር ያስተምራሉ፣ ጫማ ያድላሉ፣ የክፍል ግድግዳ ይቀባሉ። በእነዚህ ሰዎች ማሾፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። የዓመት ዕረፍቱን ትቶ፣ የአውሮፕላኑን ዋጋ ከኪሱ ከፍሎ የሚመጣ ሰው ፍቅሩ የሐሰት አይደለም። ጥያቄው ፍቅሩ ማንን ሊያገኝ መጣ የሚለው ነው።

እንግዳው የመጣው «ወላጅ አልባ» ሕፃናትን ሊያገለግል ነው። ቃሉ ራሱ ግን ያሳስታል። በዓለም አቀፍ ቆጠራ ከሁለቱ ወላጆች አንዱን ብቻ ያጣ ልጅም በዚሁ ስም ይመዘገባል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 140 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን በዚህ ስም ሲቆጥር፣ አባትም እናትም የሌላቸው 15 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ። የእንጦጦም ነገር እንዲሁ ነው፤ እንግዳው ያቀፈው ልጅ እናት ጥቂት እርምጃ ርቃ በዚያች ጠባብ ክፍል ተኝታ ልትሆን ትችላለች። እናት ከሌለችም አያት ወይም አክስት አለች። ያም ባይሆን አብራ ጠበል የገባች ጎረቤት ትኖራለች።

ከዚህ ተነሥቼ ዋናውን ሐሳቤን ልናገር። በእንጦጦ ሕፃናት ላይ ከተደረጉ በጎ ነገሮች ሁሉ ትልቁ የእናቶቻቸው በሕይወት መቆየት ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ሆኖም መድኃኒት መውሰድ በጠበሉ አለማመን የሚመስላቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ጀምረው ያቋረጡም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ምእመናንም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተማሩ። መድኃኒቱን ከውጭ የመጣ ገንዘብ ገዛው፤ እንዲዋጥ ያደረገው ግን የአገሬው የሃይማኖት አባት ቃል ነው። እናት ክኒኗን ውጣ ስትነሣ ልጁ ከሕፃናት ማሳደጊያ ተረፈ። ይህ ሥራ ግን ፎቶግራፍ ለማንሣት አይመችም።

ማሳደጊያውን የምንፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናትን ወስዶ፣ ግማሾቹን በዕጣ ወደ ጊዜያዊ አሳዳጊ ቤተሰብ አዛወረ። ወደ ቤተሰብ የገቡት ልጆች በአእምሮ እድገትም ሆነ ከአሳዳጊ ጋር በሚኖር ቁርኝት ከቀሩት የተሻሉ ሆኑ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ደግሞ ይበልጥ። ሊንዳ ሪችተርና ኤሚ ኖርማን በበኩላቸው በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ወደ ማሳደጊያዎች ለአጭር ጊዜ የሚጎርፉ በጎ ፈቃደኞች በሕፃናቱ ላይ ተደጋጋሚ የመለየት ሕመም እንደሚያደርሱ አስጠነቀቁ።

ነገሩን እናቶቻችን ያለ ጥናት ያውቁታል። በደኅና ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲመጣ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ከኋላዋ ይሸሸጋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን ነው ቀስ እያለ የሚቀርበው። ማንም ይምጣ ማን ሮጦ አንገት ላይ የሚጠመጠም ሕፃን እንግዳውን ያስደስታል፤ በሕፃናት ሥነ ልቦና ለሠለጠነ ዓይን ግን ይህ የቋሚ ሰው እጦት ምልክት ሊሆን ይችላል። በጎ ፈቃደኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወደዳል፣ ከዚያም ይሄዳል። ሌላ ቡድን ይመጣል፣ እርሱም ይሄዳል። ልጁ የሚማረው የሚወዱት ሰዎች ሻንጣ እንዳላቸው ነው።

ከጉብኝቱ ጋር ጎን ለጎን የሄደ ሌላ ታሪክም አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. በጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። በ2011 የሚመለከተው ሚኒስቴር የሚመረምራቸውን መዝገቦች በቀን ወደ አምስት ዝቅ አደረገ፤ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን ከሕግ አወጣው። በመካከሉ የነበረውን አለመግባባት ለመረዳት የ1992ቱን የቤተሰብ ሕግ ማየት ይበቃል፤ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም ይል ነበር። ቃሉን ያወረሰን የኦሮሞ ባህልም ልጅን ከዘመዱ አይቆርጥም። የአሜሪካው ሕግ ግን ይቆርጣል። ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል ብላ የፈረመች እናትና ልጁ ለዘለዓለም የእኛ ነው ብለው የፈረሙ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ፈርመዋል።

የውጭ ተልእኮ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን ለስብከት ክፍት በሆኑና በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢዎች ከፍሎ ነበር፤ ሚስዮናውያንም ሁሉ አማርኛ እንዲማሩ ይጠብቅባቸው ነበር። ስለ ድንጋጌው ፖለቲካ ብዙ ማለት ይቻላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሕጉ ሚስዮናዊ ብሎ ያሰበው ሰው ነው፤ ቋንቋ እስኪማር የሚቀመጥ ሰው ነበር። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እንዲህ ያለች ሰው ነበረች። በእምነቷ ተገፋፍታ ከባለቤቷ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. አዋላጆችን ለማሠልጠን ስትመጣ ውሏ የሦስት ዓመት ነበር። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ እርሷም በ2020 በዚሁ በአዲስ አበባ በ96 ዓመቷ አረፈች። አንዲት የታከመች እናት ወደ ልጆቿ ስትመለስ ማን ሕፃናቱን አገለገለ ይባላል?

ደግሞም ተልእኮ የግድ ከባሕር ማዶ አይመጣም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ ግሸን ማርያም የሄዱት ለመሳለም ነበር፤ በወሎ ረኀብ መካከል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች ከሃያ አለፉ። ትዳራቸውን ያሳጣቸው፣ እንጀራ እየጋገሩ እስከ መሸጥ ያደረሳቸው ይኸው ነበር።

ስለ እምነት አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ወደ እንጦጦ የወጣች እናት የወጣችው በማርያም አምና ነው። ልጇን ለምሳና ለጫማ ብላ ወደ አንድ ግቢ ስትልክ፣ የሌላ ቤተ እምነት ትምህርት ተምሮ እንደሚመለስ ሊነገራትና ፈቃዷ ሊጠየቅ ይገባል። እምቢ ብትል ጫማው ሊቀርባት አይገባም። የተራበ ሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው የሚለውን የሥነ ምግባር ተማሪዎች ቢወያዩበት እወዳለሁ።

በመጨረሻ ወደ ተግባር ልምጣ፤ ከእናንተ መካከል ነገ በእነዚህ ድርጅቶች የምትቀጠሩ አላችሁና። ቡድን ሊመጣ ሲጽፍላችሁ በመጀመሪያ የሙያውን ዓይነት ጠይቁ። ነርስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ከሆነ ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ከሠራተኞቻችሁ ጋር አውሉት፤ የሚያስተምረው ቀሪ ይሆናል። ግድግዳ ለመቀባት ከሆነ ቀለም ቀቢ በሰፈሩ ሞልቷል፤ ከልጆቹ አባቶች አንዱ ሊሆንም ይችላል። ገንዘቡ የእናትየዋን የቤት ኪራይና የልጁን ደብተር ቢሸፍን፣ ልጁ በእናቱ እጅ ያድጋል።

ፎቶግራፍን ግን ፈጽሞ ከልክሉ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአምስት ዓመቱ ከጠበሉ አጠገብ ፎቶግራፍ የተነሣ ልጅ ዛሬ ሥራ የሚፈልግ፣ እጮኛ ያለው ወጣት ነው። ስሙ ባይጻፍም «እንጦጦ» የሚለው መግለጫ ብቻውን የእናቱን ሕመም፣ ምናልባትም የእርሱን፣ ለሚያውቀው ሁሉ ይናገራል። ያን ፎቶግራፍ የማንሣት ሥልጣን ያለው ደግሞ በሌላ አህጉር የሚኖር፣ የልጁን ስም የረሳ ሰው ነው።