የሃያ ዓመት ወጣት የመራው ኦርኬስትራ

ባለፈው የገና ሰሞን ልጆቼን ይዤ ዲክሲስ፣ አባቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ስንዴው ተሰብስቧል። ኮምባይነር ያለፈበት ማሳ ላይ ከብቱ ቃርሚያ ይለቅማል፤ ማታ ማታ የአርሲ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። እሳት ከበን ቡና እየጠጣን ሳለ የ14 ዓመቷ ልጄ ከቦርሳዋ ክራር አወጣችና መታ መታ ታደርገው ጀመር። አባቴ ስኒያቸውን እንደያዙ ዝም ብለው አዩዋት።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አሉ በመጨረሻ።

«ትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ አለ አባባ። ሰኔ ላይ ለወላጆች ቀን ኮንሰርት እናቀርባለን። ክራር አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ ዋሽንትና ከበሮ አለ፣ ኪቦርድም አለ። የምመራው እኔ ነኝ። እርስዎም ይመጣሉ አይደል?»

አባቴ መልስ አልሰጧትም። ወደ እኔ ዞረው፣ «አሰላ ላይ የምታስተምሪያት አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» አሉኝ።

ልጄ ክራሩን ቀስ አድርጋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። እኔም የምለው ጠፋኝ። ከአባቴ ጋር መከራከር አልፈለግሁም፤ ልጄም ባፈረችበት ነገር እንድትቀር አልፈለግሁም። ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት የሚነሳ ይመስለኛል። ያን ማታ ያጣሁትን መልስ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ያገኘሁትም ከ60 ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባ ከሆነ አንድ ታሪክ ውስጥ ነው።

አርባዎቹ ልጆች

በአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ጓድ ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሱት ልጆች ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች በማርሽ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። 40 ሆነው ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የቀሩትም ለዚህ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ይዘመር የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እኚሁ ናልባንዲያን ናቸው። ዛሬ አያት የሆናችሁ አንባቢያን ዜማውን ሳታስታውሱት አትቀሩም።

ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊት፣ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ተቋቋሙ። መሣሪያቸው ግን በአብዛኛው ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ቫዮሊንና የመሳሰለው ነበር። ማሲንቆ በየጠጅ ቤቱና በየሠርጉ፣ ዋሽንት ከእረኛው ጋር በየመስኩ፣ እምቢልታና መለከት በየታላቁ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ሁሉም በየፊናው ይኖር ነበር። በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዜማ መጫወት የተለመደ አልነበረም።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ

ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። መሥራቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ግብፅ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብህ ነበር። ከተለያየ የአገሪቱ ክፍልና ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ የባህል ሙዚቀኞችን ሰብስቦ በአንድነት አስቀመጣቸው። እሱ በሚቀጥለው ዓመት ከአገር ሲወጣ፣ ጆን ኮ የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ለሁለት ዓመት ያህል መራው። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ኃላፊነቱ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ተሰጠ። ተስፋዬ ለማ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነውና ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር።

የ20 ዓመት ልጅ ምን ይዞ ነው እነዚያን ባለሙያዎች የሚመራው? ነገሩ የሚገባን የመሣሪያዎቹን ጠባይ ስናውቅ ነው።

ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ነው ያለው፤ ተጫዋቹ በጣቱ እየነካ የፈለገውን ድምፅ ያወጣበታል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ እየጠበቀና እየላላ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰል ወይም ለአንቺ ሆዬ ይቃኛል። ዋሽንት ግን ሌላ ነው። ሸምበቆው አንድ ጊዜ ከተቆረጠና ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ድምፁ ያው ነው፤ አይጠብቅም፣ አይላላም። ስለዚህ ዋሽንት ነፊ ረጅምና አጭር ዋሽንቶችን ይዞ ይዞራል፤ ክራሩና ማሲንቆውም በእሱ ድምፅ ይቃኛሉ። እምቢልታ ደግሞ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚሞላው ሦስት ሰዎች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ማስኬድ ማለት ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ ማን ለማን እንደሚላላ፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል መወሰን ነው። ሙዚቀኞቹ ሙያቸውን በየአገራቸው በጆሮ የተማሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ በራሱ መሣሪያ መሪውን ያስተምረዋል እንጂ ከመሪው አይማርም። መሪው ሊሰጣቸው የሚችለው አንዳቸው ብቻቸውን የማይኖራቸውን ነገር ነው፤ እሱም እርስ በርስ መስማማት ነው። ለዚህ ደግሞ መሪው ከሁሉ አስቀድሞ ጥሩ ሰሚ መሆን አለበት።

ተስፋዬ ለማ ኦርኬስትራውን እ.ኤ.አ. እስከ 1975 መራው። በ1969 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ተጉዞ «ብሉ ናይል» በሚል ስም ተጫወተ። በጉዞው ዝግጅት ትልቅ ድርሻ የነበረው ቻርልስ ሰተን የተባለ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ሰተን ማሲንቆ የተማረው ከኦርኬስትራው ባለሙያ ከጌታመሳይ አበበ ነበር። ቡድኑ ከአብዮቱ በኋላ ቢበተንም የቀረጻቸው ሙዚቃዎች «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 23ኛ ቅጽ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ታትመዋል። ተስፋዬ ኋላ ኑሮውን አሜሪካ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 አረፈ። ዛሬ በየባህል ምግብ ቤቱ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድነት ሲጫወቱ ስናይ ከጥንት የነበረ ይመስለናል። መንገዱን የጠረጉት ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ወጣት መሪ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በቬኔዙዌላ እ.ኤ.አ. በ1975 ለልጆች የተጀመረው የኦርኬስትራ ትምህርት ያፈራው ጉስታቮ ዱዳሜል፣ የአገሩን የወጣቶች ኦርኬስትራ መምራት ሲጀምር ዕድሜው 18 ገደማ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ መሪ ሆነ።

አዝማሪ ማለት

ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። መዝሙርም፣ መዘምርም ከዚያው ሥር ናቸው። በኑሮአችን ግን አንዱን አክብረን አንዱን ንቀን ቆይተናል። በገና የመኳንንትና የመንፈሳዊ ሰው መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ማሲንቆ የያዘ ሰው በየድግሱ እየተፈለገ ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅ አልነበረም። በእጅ ሙያ የሚኖሩት ሸማኔውና ቀጥቃጩም ያዩት ይህንኑ ነው። አባቴ ያደጉት በዚህ አመለካከት ውስጥ ነው። ቁጣቸው ለልጅ ልጃቸው ከመሳሳት የመጣ እንጂ ከክፋት አልነበረም።

ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ዲክሲስ ስሄድ አልተከራከርኳቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። «አባዬ፣ ኮምባይነር ሳይመጣ በፊት አውድማ ላይ በሬ እየነዳችሁ ስትወቁ ዘፈኑን የሚያወርደው ማን ነበር?»

ፊታቸው ፈካ። «ድምፅ ያለው ነዋ! አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ሽማግሌ ሁን ልጅ ሁን አይጠየቅም፤ ሥራው እንዳይሰለች ማድረጉን ነው የሚያዩት።»

«እሷም የያዘችው ያንን ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሰኔ ላይ ግን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍረው አሰላ ደረሱ።

ሸምበቆ አይላላም

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ልጆቹ 12 ናቸው፤ ልጄ ፊታቸው ቆማለች፣ ዱላ አልያዘችም፣ በእጇ ነው የምትመራው። የመጀመሪያው ዜማ ደህና አለፈ። ሁለተኛው ሲጀመር ግን አንድ ነገር ተበላሸ። ዋሽንት የሚነፋው ልጅ አጭሩን ዋሽንት አንስቷል፤ ክራሮቹ ግን ገና በፊተኛው ቅኝት ላይ ናቸው። ድምፁ ተጋጨ። ልጄ እጇን አነሳችና ሁሉንም አስቆመች። ከኋላ ያሉ ተማሪዎች ሳቁ። እኔ ወንበሬ ላይ ተሸማቀቅሁ።

እሷ ግን ወደ ዋሽንቱ ልጅ ሄዳ አንድ ረጅም ድምፅ እንዲነፋ አደረገችው። ሦስቱ ክራር መቺዎች ጆሯቸውን ወደ ክራራቸው ዘንበል አድርገው እየፈቱና እያጠበቁ ቃኙ። ማሲንቆውም ተከተለ። ኪቦርዱን የያዘው ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ አገኘው። ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ለእኔ ግን አንድ ሰዓት ነበር።

በዚህ መሐል አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልክ ናት። ሸምበቆ አይላላም፤ የሚላላው ክር ነው» አሉኝ።

ገረመኝ። «አባዬ፣ ይህን በምን አወቁ?»

ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ፣ «ከብት ስጠብቅ ዋሽንት ነበረኝ። የኛ ሰፈር ኦሮሞ ልጆች ኡሉሌ ይሉታል። ከእነሱ ጋር ነበር የምነፋው። አባቴ ሰበሩብኝ» አሉ።

በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ነገር ነው። ሌላ ነገር ሳልጠይቃቸው ዜማው እንደገና ተጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ ሰመረ።

ለወላጆችና ለአያቶች

ከዚህ ታሪክ በቤታችን ልንጠቀምበት የምንችል ጥቂት ነገር አለ።

ልጁ ሙዚቃ ሲጀምር ታዋቂ ይሆናል ወይስ አይሆንም ብለን አንጨነቅ። የብዙዎቹ ልጆች ዕጣ ዘፋኝነት አይደለም። ከሌላ ሰው ጋር ተራ ጠብቆ መሥራትን፣ ሲሳሳቱ በሰው ፊት ቆሞ ማረምን ከተማሩበት በቂ ነው። ከልቡ የሚፈልግ ከሆነም መንገዱ ተዘግቶ አልቀረም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በዲግሪ ያስተምራል።

የልምምድ ሰዓት እንወስንለት። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመደክም፣ በየቀኑ ከጥናት በኋላ 20 ደቂቃ ቢለማመድ ጣቱም ጆሮውም ይለምዳል፤ ትምህርቱም አይጎዳም። ጎረቤትም አይማረርም።

አያት ያለበት ቤት ደግሞ መምህር ያለበት ቤት ነው። የሠርግ፣ የአውድማ፣ የእረኝነት ዜማ የሚያውቁ ሰዎች አሁንም በየቤታችን አሉ። ልጁ ጠይቆ ይቅረጽ፤ በስልኩ መቅረጽ ለእሱ ቀላል ነው። እናንተ አያቶችም «ድምፄ ተበላሽቷል» ብላችሁ አትከልክሉት። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የቆመው የሚያውቁ ሰዎች የሚያውቁትን ለአንድ ወጣት ባለመንፈጋቸው ነው።

ልጁ ሲያቀርብ ደግሞ ሄደን እንይለት። የአባቴ ጋቢ በዚያ አዳራሽ ሁለተኛ ረድፍ ላይ መታየቱ ለልጄ ምን ማለት እንደነበር አውቃለሁ፤ ዜማው እንዳለቀ መጀመሪያ የፈለገችው እሳቸውን ነበርና።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ አባቴ ስለ ሙዚቃው ምንም አላሉም። «ሒሳብ ስንት አመጣሽ?» ብለው ጠየቋት። 78 አለቻቸው። «ትንሽ ይቀራል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ፣ «ያ ልጅ አጭሩን ዋሽንት ለምን አነሳ? ረጅሙ ነበር የሚሻለው» አሏት። እሷም ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።