በብረት ፋብሪካ የተመረቀው አልበም

ከአንጠልያስ ተነሥቶ በባሕር ዳርቻው ጎዳና ወደ ቤይሩት የሚያቀና ሰው ጀል ኤል ዲብን፣ ዛልቃንና ዶራን አልፎ ቡርጅ ሐሙድ ይደርሳል። መንገዱ አጭር ነው። ዶራ በተለይ በሊባኖስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም፤ እሑድ የዕረፍት ቀን ያገኙ እህቶች ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩት፣ በርበሬና ሽሮ የሚገዙት፣ የአገር ሰው አግኝተው የሚያወጉት በዚሁ አካባቢ ነው።

በሊባኖስ ሙዚቃ ታሪክ ግን ይህ አጭር መንገድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይረዝማል። በአንደኛው ጫፍ፣ በአንጠልያስ፣ የዘመናዊውን የሊባኖስ ዘፈን መልክ ያስያዙት ወንድማማቾች ዐሲና መንሱር ራህባኒ ተወለዱ። በሌላኛው ጫፍ፣ በቡርጅ ሐሙድ በሚገኘው ዴምኮ የተሰኘ የብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 «መሽሩዕ ለይላ» የተባለ የሮክ ባንድ የበኩር አልበሙን ለሕዝብ አቀረበ። አዳራሽ አልነበረም፤ ቬልቬት የለበሰ ወንበርም አልነበረም። ብረት በሚቆረጥበትና በሚከማችበት ስፍራ ጊታር፣ ቫዮሊንና ከበሮ ተተከሉ፤ ወጣቶችም ጎረፉ።

ባንዱ የተመሠረተው ከዚያ በፊት በ2008 መጀመሪያ፣ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃና የንድፍ ተማሪዎች መካከል ነው። ሦስት ተማሪዎች፣ ማለትም ቫዮሊን ተጫዋቹ ሃይግ ፓፓዝያን፣ ጊታር ተጫዋቹ አንድሬ ሸዲድና ኪቦርድ ተጫዋቿ ዑመያ መላዕብ፣ በግቢው ውስጥ አንድ ማስታወቂያ ለጠፉ። ከትምህርቱ ጫናና ከአገሪቱ የፖለቲካ ውጥረት ለመተንፈስ የሚሻ ሁሉ መጥቶ አብሯቸው እንዲጫወት የሚጋብዝ ነበር። በርካቶች መጡ፤ ሰባት ቀሩ። ስሙም ሁለት ፍቺ አለው፤ «የለይላ ፕሮጀክት» ወይም «የአንድ ሌሊት ፕሮጀክት» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። የሌሊቱ ሥራ ግን ሳይታሰብ ሰነበተ። በ2009 የሊባኖስ ሬዲዮ ባዘጋጀው የዘመናዊ ሙዚቃ ውድድር የዳኞቹንም የአድማጩንም ሽልማት አሸነፉ፤ ዘጠኝ ዘፈኖችን የያዘው የመጀመሪያ አልበማቸውም ተከተለ።

ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። ይህ ሙዚቃ በእርግጥ የአገሩ ነው ወይስ የተቀዳ? አረብኛው «አሳላ» የሚለው ቃል ከ«አስል»፣ ማለትም ከሥር የወጣ ነው። ስለ አንድ ዘፈን አሳላ የሚጠይቅ ሰው እንግዲህ ሥሩ ወዴት እንደተተከለ መጠየቁ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታርና ባለ ፔዳል ከበሮ ይዞ፣ ዑዱንና ቃኑኑን ትቶ የመጣ ቡድን ሥሩን ወዴት ሊያሳይ ይችላል?

ወደ አንጠልያስ መመለስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዐሲ ራህባኒ በ1923፣ መንሱር በ1925 ተወለዱ። አባታቸው ሐና ራህባኒ በአንጠልያስ የምንጭ ዳር ፋዋር በተባለው ሥፍራ ቡና ቤት ነበራቸው፤ ቡዙቅም ይጫወቱ ነበር። ልጆቹ ሲያድጉ ኑሮ አስገድዷቸው የፖሊስነት ሥራ ያዙ፤ ዐሲ በአንጠልያስ ማዘጋጃ ቤት፣ መንሱር በቤይሩት። የምሥራቁን ዜማ ከአባ ቡሎስ አል አሽቀር ዘንድ ተማሩ፤ የምዕራቡን የድምፅ ቅንጅት ደግሞ ከፈረንሳዊው መምህር ከቤርትራን ሮቢያር። እንግዲህ ገና ከጅምሩ ሁለት ምንጭ ነበራቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለቤይሩት ሬዲዮ ሲሠሩ ታንጎና የላቲን አሜሪካ የጭፈራ ስልቶችን በአረብኛ ግጥም እያለበሱ አቅርበዋል። ከፋይሩዝ ድምፅ ጋር የተገናኙትም በዚያ ዘመን ነው፤ ዐሲና ፋይሩዝ በ1955 ተጋቡ።

የካይሮ ዘፈን በገነነበት በዚያ ወቅት የራህባኒዎቹ ሥራ ለብዙ ጆሮ እንግዳ ነበር። ኡም ኩልሱም አንድ ዘፈን ለሰዓት ያህል ስታመላልስ፣ የፋይሩዝ ዘፈኖች በጥቂት ደቂቃ ያልቁ ነበር። ፒያኖና አኮርዲዮን ከቡዙቅ ጎን ቆመው ይሰማሉ። ንጹሕ አረብኛ ሙዚቃ ይህ አይደለም የሚል ወቀሳ ቢነሣ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በ1957 በበዓልበክ ፌስቲቫል ላይ የሊባኖስ ምሽት ሲዘጋጅ ፋይሩዝ በጥንታዊዎቹ ዓምዶች መካከል ቆመች፤ ከዚያ በኋላ ይህ የተቀላቀለ ድምፅ ራሱ የሊባኖስ ሥር ተብሎ ተቆጠረ። ዛሬ በየማለዳው ከየመስኮቱ የሚሰማውን የፋይሩዝን ዘፈን ባዕድ ነው ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ትናንት ቅይጥ የነበረው ዛሬ የንጽሕና መለኪያ ሆኗል፤ መለኪያው ራሱ ከምን እንደተሠራ ግን ብዙዎች ረስተዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ የአገሩን ቅኝት በቫይብራፎንና በላቲን ምት ሲያስኬደው የተወለደውን ኢትዮ ጃዝ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በኢትዮጵያ ስም ነው። የወሎ መንዙማም አረብኛና አማርኛን በአንድ እስትንፋስ ያስኬዳል፤ ዜማው ግን የወሎ ነው፤ ማንም ከሌላ ስፍራ የመጣ አይለውም። ከቅርቡም ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» በተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙ የሮክ ጊታርን ከአገርኛ ቅኝት ጋር ሲያጋጥም ይኸው ጥያቄ በአዲስ አበባም ተነሥቷል።

የዐሲና የፋይሩዝ ልጅ ዚያድ ራህባኒ ክርክሩን አንድ እርምጃ ወሰደው። በ1956 የተወለደው ዚያድ ጃዝን ከምሥራቁ ዜማ ጋር አዋሕዶ በተውኔቶቹም በዘፈኖቹም የመንገድ ሰው ቋንቋ አስገባ። በ1991 ለእናቱ ያዘጋጀው «ኪፋክ ኢንታ» አልበም ሲወጣ ብዙ ሰው ተቆጣ። ርእሱ «እንዴት ነህ?» ከማለት ያለፈ አልነበረም። የተቆጡት ስለ ጃዙ ብቻ አልነበረም፤ ፋይሩዝን የሚያህል ድምፅ በዕለት ተዕለት ወሬ መናገሩ ነው የከበዳቸው። ሕዝብ ባዕድ መሣሪያን ቶሎ ይለምዳል፤ የራሱን ያልተኳለ አነጋገር በመድረክ ላይ መስማት ግን ይከብደዋል።

የመሽሩዕ ለይላ የበኩር አልበም በትክክል ሊመዘን የሚችለው ከዚህ ቦታ ነው። በዚያ ዘመን ከቤይሩት ነፃ የሮክ ባንዶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይዘፍኑ ነበር። ልጆቹ ግን በሊባኖስ ዘዬ ዘፈኑ። በዚህ ረገድ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ ዘይድ ሐምዳንና ያስሚን ሐምዳን «ሶፕ ኪልስ» በተባለው ቡድናቸው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አረብኛን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር አገናኝተዋል። የአዲሶቹ ልዩነት የተናገሩት ነገር ላይ ነው። ከዘጠኙ ዘፈኖች አንዱ «አል ሐጂዝ» ይባላል፤ የኬላ ፍተሻ ማለት ነው። ሌላው «ዑብዋ» ነው፤ ፈንጂ። «ለትሊት» ደግሞ ስለ ሐሜት ይናገራል። የፖለቲካ ሰዎች በመኪና ቦምብ በተገደሉባት፣ በሜይ 2008 ታጣቂዎች ጎዳናዎቿን በያዙባት ከተማ ያደገ ወጣት ስለ ኬላና ስለ ፈንጂ ቢዘፍን ከማንም አልተዋሰም። ቫዮሊኑም ለሮክ ባንድ ብዙም ባልተለመደ ሁኔታ ከጊታሩ ቀድሞ ዜማውን ይመራል።

እርግጥ ነው፣ አልበሙ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ቀረጻው ሻካራ ነው። የዘፈኖቹ ቀልድ አንዳንዴ የተማሪ ግቢ ቀልድ ሆኖ ይቀራል። ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች የከተማውን ሁሉ ሕይወት ዘፍነዋል ማለትም ማጋነን ነው፤ በዚያው በቡርጅ ሐሙድ በጠባብ ክፍል ተጋፍተው የሚኖሩት ስደተኛ ሠራተኞች ለምሳሌ የራሳቸው ዘፈን አላቸው። ከ2011 በኋላ የምዕራቡ ጋዜጦች ባንዱን «የአረብ ወጣቶች ድምፅ» እያሉ ሲያሞካሹት፣ ያም ቢሆን በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፤ የሥራቸው ባለቤቶች እነርሱው ሆኑ። አረብኛ ፖፕ በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎችና የሳተላይት ጣቢያዎች እጅ በነበረበት ጊዜ ከእነዚያ ውጭ ቆዩ። ሦስተኛውን አልበም «ረቅሱክ»ን በ2013 ሲያዘጋጁ ገንዘቡን ከአድማጮቻቸው በኢንተርኔት አሰባሰቡ። ኩባንያ የሌለው ሙዚቀኛ የሚመቸውን ብቻ እንዲል የሚያዝዘው የለም፤ የሚከላከልለትም የለም።

ይህ የኋለኛው ወዲያው ታየ። በኤፕሪል 2016 በአማን ጥንታዊው የሮማውያን ቲያትር ሊያቀርቡት የነበረው ዝግጅት ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተከለከለ። ባንዱ ባወጣው መግለጫ መሠረት በጽሑፍ የተሰጠው ምክንያት ዝግጅቱ ከስፍራው «አሳላ» ጋር አይሄድም የሚል ነበር። ሮማውያን በሠሩት፣ ለትርዒት በተሠራ መድረክ ላይ! ክልከላው ቆይቶ ቢነሣም ጊዜው አልፎ ነበር። ከምክንያቱ በስተጀርባ ስለ ዘፈኖቹ ይዘትና ዘፋኙ ሐሚድ ሲኖ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ እንዳለው በይፋ ስለ መናገሩ የተነሣ ተቃውሞ እንደነበረ ግልጽ ነው። ያን ተቃውሞ በስሙ መጥራት ይቻል ነበር፤ በ«አሳላ» ስም መምጣቱ ግን ቃሉ ምን ያህል ምቹ መሸሸጊያ እንደሆነ ያሳያል።

በአገራቸው የገጠማቸው ከዚህ የከፋ ነበር። በ2010 በተጫወቱበት በቢብሎስ ፌስቲቫል በ2019 እንደገና ሊቀርቡ ሲዘጋጁ የጁበይል ማሮናዊ ሀገረ ስብከት ዘፈኖቻቸው የክርስትናን ቅዱሳት ያቃልላሉ ሲል ተቃወመ። በማኅበራዊ መገናኛም የኃይል ዛቻ ተሰማ። አዘጋጆቹ «ደም እንዳይፈስ» በማለት ምሽቱን ሰረዙ። እምነቱ የተነካበት ሰው ቅር መሰኘቱና መቃወሙ ያለ ነገር ነው፤ ዛቻ ሲታከልበት ግን ስለ ሙዚቃ የሚደረገው ክርክር ያበቃል። በሴፕቴምበር 2022 ባንዱ መበተኑ ታወቀ።

ዚያድ ራህባኒ በጁላይ 26 ቀን 2025 ሲያርፍ፣ አስከሬኑ ከቤይሩቱ ሐምራ ሠፈር ሆስፒታል ሲወጣ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ በዘፈኖቹ ሸኘው። በአንድ ወቅት የእናቱን ድምፅ አበላሸ የተባለው ሰው የአገር ቅርስ ተብሎ ተቀበረ። ከብረት ፋብሪካው ምሽት ሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ከአንጠልያስ በስተ ሰሜን በዚያው የባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ ያሉ ወጣቶች የራሳቸውን ባንድ አቋቁመው በሊባኖስ ዘዬ መዝፈን ጀመሩ። ለስማቸው ሩቅ አልሄዱም፤ የሠፈራቸውን ስም ወስደው «አዶኒስ» ተባሉ። በ2011 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ርእስ በአማርኛ «የማዘጋጃ ቤቱ መብራት» ማለት ነው።