ራኩንን የሚያድን ውሻ
በሰሜን አሜሪካ ራኩን የሚባል ጅራቱ ዝንጉርጉር የሆነ አውሬ አለ። ቀን ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት ግን ወጥቶ የገበሬውን እሸት በቆሎ ይበላል። ስለዚህ አዳኞች መብራትና ውሻ ይዘው በሌሊት ይወጣሉ። ውሻው ዱካውን እያሸተተ ሲከተለው አውሬው ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ውሻውም ከሥሩ ቁሞ በመጮኽ ጌታውን ይጠራል። ነገር ግን ራኩን ተንኰለኛ ነውና አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ወጥቶ ዘሎ ይወርድና ይሸሻል። ያን ጊዜ ችኩል ውሻ በባዶ ዛፍ ሥር ይጮኻል፤ ጌታውንም በጨለማ በከንቱ ያደክማል። አስተዋይ ውሻ ግን አስቀድሞ በዛፉ ዙሪያ ያለውን ምድር ያሸታል፤ አውሬው እንዳልወረደ ካወቀ በኋላ ይጮኻል። ጌታውም ያምነዋል። እንዲሁም ሳያረጋግጥ የሚናገር ሰው፥ እውነት በተናገረ ጊዜ የሚያምነው ያጣል።