የጠፈር ተዋጊውና የጭቃው በሬ

ቁመቱ 9.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሰው ነው። አንገቱ ይዞራል፤ እጁና እግሩ ከትከሻና ከታፋ ይንቀሳቀሳሉ፤ መዳፉ የጨረር ጠመንጃ እንዲጨብጥ ተቦርቡሯል። የአሜሪካው ኬነር ኩባንያ የ«ስታር ዋርስ» ፊልምን ገጸ ባሕርያት እንዲህ አሳንሶ የሠራቸው መንኮራኩሮቻቸውንም አብሮ ለመሸጥ ነበር። ቀደም ሲል ገበያውን የያዘው ጂ.አይ. ጆ የተባለው ወታደር 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ለእሱ ልክ የሚሆን መንኮራኩር ቢሠራ የልጆች መኝታ ቤት ባልበቃው ነበር።

ፊልሙ በግንቦት 1969 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲታይ አሻንጉሊቶቹ ገና ከፋብሪካ አልወጡም። የፈረንጆች ገና ደረሰ። ኬነር መላ ዘየደ፤ አሻንጉሊት የሌለበት፣ ኩፖን የያዘ ካርቶን ሸጠ። ኩፖኑን በፖስታ የላከ ልጅ አራት አሻንጉሊቶች የደረሱት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ያ ካርቶን ራሱ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዕቃ ሆኗል።

በሰብሳቢዎች ገበያ ልጅ አፈር ላይ ያንከባለለው፣ ቀለሙ የተፋቀና ጠመንጃው የጠፋ አሻንጉሊት ይረክሳል፤ ከማሸጊያው ያልወጣው ይወደዳል። ከሁሉ የናረው ደግሞ ጭራሽ ለገበያ ያልቀረበው ነው። ከ«ስታር ዋርስ» ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነው ቦባ ፌት ከጀርባው ሮኬት እንዲተኩስ ታስቦ ነበር፤ ሕፃን ሮኬቱን ይውጠው ይሆናል ተብሎ ቀረ። ከናሙናዎቹ አንዱ በ2016 ዓ.ም. በጨረታ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ።

የአሻንጉሊት ፎቶ አንሺዎች ግን የተፋቀውንም አይንቁም። በደረታቸው ተኝተው ካሜራውን ከአሻንጉሊቱ ዓይን ትይዩ ያደርጋሉ፤ ከላይ የታየ አሻንጉሊት ትንሽነቱ ያስታውቃልና። ዱቄት በረዶ ይሆናል፤ የማታ ፀሐይ ከጎን ስትመታው የጠጠሩ ጥላ ይረዝምና ጠጠሩ ተራራ ይመስላል።

ለአሻንጉሊት ያለው ናፍቆት በአማርኛ ፊልምም ገብቷል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ያዘጋጀው «ክራምብስ» በ2007 ዓ.ም. በሮተርዳም ፌስቲቫል ታየ። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚተውኑበት ይህ የ68 ደቂቃ ፊልም ዓለም ካለቀ በኋላ የሚሆነውን ያሳያል፤ ዳሎል የባድማው መልክ ነው፤ ሰማዩ ላይ መንኮራኩር ተንሳፍፏል። በዚያ ዘመን የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት እንደ ጥንት ቅርስ ይገመታል፤ ባለሱቁም ፋብሪካ ያመረተውን ፕላስቲክ እያነሳ የሌለ ታሪክ ይተርክለታል። ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ለማይክል ጆርዳንም ይጸለያል።

በጋይንትና በስማዳ ገጠር ግን የእረኛ ልጅ መጫወቻ እንዲህ ለገማች አይደርስም። ልጁ ከወንዝ ዳር ጭቃ ቆርጦ ያሸዋል፤ ሻኛውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ያወጣል፤ ቀንዱን አሹሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሲደርቅ ጥንዱን በስንጥር ቀንበር ይጠምዳል፤ ያርሳል፤ ያዋጋል። ከተማ ያለው ልጅ ደግሞ ሽቦ አጣሞ መኪና ይሠራል፤ ጎማው ቆርኪ ነው። የሽቦው መኪና ዝጎም ቢሆን ይቆያል፤ በእሳት ያልተጠበሰ ጭቃ ግን ክረምት ሲገባ ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል። ስለዚህ የጭቃ በሬ ሰብሳቢ ሊኖር ቢችል መደርደሪያው የፎቶ አልበም ነው፤ አነሳሱም ያው ነው፤ በደረት ተኝቶ፣ ካሜራውን ከቀንዱ ትይዩ አድርጎ፣ ሰኔ ሳይገባ።