ከፋሲካ በኋላ የተመለሰው ቦርጭ

በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት የሁዳዴን 55 ቀናት አንድም ሳያጓድል ጾመ። ጾሙ እንደ ወትሮው ለነፍሱ ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ «ስኳርህ አፋፉ ላይ ደርሷል፣ ክብደት ቀንስ» ብሎት ስለነበር ዘይት አሳነሰ፣ ለስላሳና የሌሊት ዳቦውንም ተወ። እናቱ በዚሁ በሽታ የዓይናቸውን ብርሃን አጥተዋልና ነገሩን በቀላሉ አላየውም። 200 ፓውንድ የነበረው ሰው ለስቅለት 186 ገባ።

ከዚያ ፋሲካ ሆነ። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጠጁ፣ «በሞቴ ይቺን ብቻ!» እየተባለ የሚሰጠው ጉርሻ። ረቡዕ ጠዋት ሚዛን ላይ ቢወጣ 193! «ሁለት ወር የለፋሁበት በሦስት ቀን ገደል ገባ፤ በቃ፣ ከሰኔ ጾም ጋር እንደገና እጀምራለሁ» አለና ሚዛኑን አልጋ ሥር ከተተው። እንደሚታወቀው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የሰኔ ጾም ሲገባ ሚዛኑን አውጥቶ ቢያይ 14ቱ ፓውንድ ከነወለዱ ተመልሶ ጠበቀው።

እኔ እንደሚመስለኝ ወዳጄ የተሳሳተው በፋሲካ ዕለት አይደለም፤ በዚያች ረቡዕ ጠዋት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ፓውንድ ስብ 3,500 ያህል ካሎሪ ይይዛል። በሦስት ቀን 7 ፓውንድ ስብ ለማበጀት ሰውነቱ ከሚያቃጥለው በላይ 24,500 ካሎሪ መብላት ነበረበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከ120 ካሎሪ ስለማይበልጥ፣ ከመደበኛ ምግቡ ሌላ ከ200 ማንኪያ በላይ ቅቤ መዋጥ ማለት ነው። የፋሲካ ዶሮ የቱንም ያህል ቅቤ ቢጠጣ ይህ የሚሆን አይደለም።

ታዲያ ሚዛኑ ዋሸ? አልዋሸም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ስንቅ ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀንስ ስንቁ ከነውሃው ይጎድላል፤ ሲበላ ይሞላል። የወጡ ጨውም የራሱን ውሃ ይይዛል። አንጀት ውስጥ ያለውም ምግብ ይመዘናል። ስለዚህ ከ7ቱ ፓውንድ ብዙው ውሃ ነበር፤ ወዳጄ ሐሙስ ዕለት ወደ ለመደው አመጋገብ ቢመለስ ኖሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጎደለ ነበር። በ50ው ቀን የተከማቸው ግን እውነተኛ ስብ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለወዳጄ ጥብቅና ልቁም። «ሆዳም» ብሎ ራሱን መስደቡ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በጄፍሪ ፍሪድማን የተመራው ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ሲያገኝ ስብ ራሱ ወደ አንጎል መልእክት እንደሚልክ ታወቀ። ስቡ ሲቀንስ መልእክቱ ይቀንሳል፤ አንጎልም ረሃብ የገባ መስሎት ምግብ ፍለጋ ያዛል። ብዙዎቻችን በየቀኑ መንገደኛ በምናደርስባት በቤተስዳ ደግሞ፣ በብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የነበሩ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደጻፉት፣ የሰዎቹ ሰውነት በዚያ ቁመናቸው ከሚጠበቀው 500 ያህል ካሎሪ አሳንሶ በቀን ያቃጥል ነበር። ቁጠባውን አልረሳም ማለት ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ የሚወራላቸው መርፌዎችም ቢሆኑ ሲቋረጡ ክብደቱ ይመለሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ሰማግሉታይድን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል።

የኛ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ አለው። መክሳት የበሽታና የችግር ምልክት ሆኖ ባደግንበት ማኅበረሰብ ውስጥ ቀነስኩ ብሎ ደስ ያለውን ሰው «ምነው ከሳህ? ደህና አይደለህም እንዴ?» እያልን እናስደነግጠዋለን። ፍቅር ነው፤ ግን ከሌፕቲን ጋር ተባብሮ የሚሠራ ፍቅር ነው።

14 ፓውንድ ለአንድ 200 ፓውንድ ሰው 7 ከመቶ ነው። ይህች ቁጥር የዋዛ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የወጣው ትልቅ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ 7 ከመቶ ክብደት ቀንሶ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ግብ ያደረገ ፕሮግራም አፋፉ ላይ ያሉ ሰዎች ወደ በሽታው የሚያልፉበትን መጠን በ58 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ወዳጄ ስቅለት ላይ የነበረው እዚያው ግቡ ላይ ነበር!

አሁን እንደገና ጀምሯል፤ ጾም ግን አልጠበቀም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይመዘናል፤ 3 ፓውንድ ከጨመረ በዚያው ሳምንት እንጀራውን በግማሽ ያደርጋል። የጾም ወጥ ነው ብሎ አይዘናጋም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም እኮ 120 ካሎሪ ነው። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ ከመተኛት ወርዶ ግቢውን ይዞራል። (የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ስኳር ከልክ በላይ መውረዱም አደጋ ነው።)

ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄጄ ነበር። ሚዛኑ ከአልጋ ሥር ወጥቶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ ቡና እየቀዳች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ኧረ አንተ እንኳ ንገረው፣ ከሳ እኮ!» አለችኝ።